ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው፦ ከዙሪክ እስከ ሃምቡርግ

ሰኞ፣ ዙሪክ

ስድስት ቁጥር ትራም ኮረብታውን ሽቅብ ሲታገል ቆይቶ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አራገፈን። የዙሪክ ዙ ከከተማው በላይ፣ ዙሪክበርግ በሚባለው ጉብታ ላይ ነው ያለው። ከታላቅ እህቴ ጋር ነኝ። አብራኝ የመጣችው አንድም ጀርመንኛ ስለምትችል፣ አንድም እስከ ሃምቡርግ ድረስ ልትከራከረኝ ነው። መካነ እንስሳት አትወድም። «ከፍለህ እስር ቤት ትጎበኛለህ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አዲስ ከተማ ስገባ ከቤተ መዘክሩም ከቤተ መንግሥቱም በፊት የምጠይቀው ዙው የት እንደሆነ ነው። እንስሳት እወዳለሁ፤ በዚያ ላይ ሰው እንስሳ ፊት ቆሞ የሚያወራው ወሬ ሌላ የትም አይሰማም።

እዚህ ያመጣን ጭላዳ ነው። ዙው እ.ኤ.አ. በ2006 የከፈተው ክፍል «የሰሜን ተራሮች» ይባላል፤ የእኛው ሰሜን። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተዳፋት አለ፣ ቋጥኝ አለ፣ ሣር አለ። ጭላዶቹ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እንደ ጭላዳ ያለ የለም። አውራው ጎፈሩን ነስንሶ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ልጆቹ ጮኹ። በዚሁ ክፍል ሽኮኮም አለ፤ ዋልያ ግን ከሰሜን ተራሮች በቀር አገር የለውምና ቦታውን የኑቢያው ዘመዱ ይዞለታል።

ከጎናችን አንድ አባት ትንሽ ልጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። «ይሄ ስሙ ማን ነው?» አለው ልጁ። አባትየው ሰሌዳውን አነበበ። የዝርያው ስም ተጽፏል፣ የሚኖርበት አገር በካርታ ተቀብቷል፣ ምግቡም አለ። «ጭላዳ ይባላል።» «እሱን ሳይሆን የእሱን ስም!» አለ ልጁ ወደ አውራው እየጠቆመ። አባቱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ወዲያው ሄዱ። እህቴ ስትተረጉምልኝ ሳቀች፤ ያ ልጅ ግን ለቀሪው ጉዞ ጥያቄ ሰጥቶኛል። ሰው ከመካነ እንስሳት ይዞ የሚወጣው ዝርያ ነው ወይስ አንድ የሚያውቀው እንስሳ?

ይህን ዙ ከ1954 እስከ 1973 የመራው ሃይኒ ሄዲገር የእንስሳት ማቆያን እንደ ሳይንስ ካጠኑት ቀዳሚው ነው። የዱር እንስሳ ሰው ሲቀርበው ከምን ያህል ርቀት እንደሚሸሽ ለካ፤ የግቢ ስፋት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው፣ ውስጡ መደበቂያና የራሴ የሚለው ጥግ ካለ እንስሳው እንደ ግዛቱ እንደሚያየው አስተማረ። ይህንን ለእህቴ በሰፊው አስረዳኋት። «እስረኛውም ክፍሌ ይላል» ብላ ዘጋችኝ።

ከሰዓት በኋላ ማሶአላ አዳራሽ ገባን። 11,000 ካሬ ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ በ2003 የተከፈተ የማዳጋስካር ደን ነው። ሙቀቱና እርጥበቱ መነጽሬን አደበዘዘው። እዚህ እንስሳት ልቅ ናቸው፤ ስለዚህም አይታዩም። ግማሹ ጎብኚ አንገቱን አንጋጦ «የት አለ?» ይላል፤ ሌላው «ምንም ሳላይ ወጣሁ» እያለ ያማርራል። እህቴ ደስ ያላት እዚህ ብቻ ነው። እንስሳው አለመታየት የሚችልበት ዙ ከሆነ እሷም ትስማማለች።

ረቡዕ፣ ቪየና

ማክሰኞ በባቡር አለቀ። የአልፕስ ተራሮች በመስኮት አለፉ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ግማሹን አላየሁም።

ሾንብሩን ዛሬም ድረስ ሥራ ላይ ካሉት መካነ እንስሳት ሁሉ አንጋፋው ነው። በ1752 የማሪያ ቴሬዛ ባል፣ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ፣ በቤተ መንግሥቱ አትክልት ውስጥ አስተከለው። መሐል ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት አለ፤ ግቢዎቹ ከእሱ ዙሪያ እንደ ጎማ ዘንግ ይዘረጋሉ። ቤተሰቡ እዚያ ቁርሱን እየበላ እንስሳቱን በሁሉም አቅጣጫ ያይ ነበር። አሁን ምግብ ቤት ሆኗል፤ እኛም ቡና ጠጣንበት። እህቴ «ንጉሡ መሐል፣ ሌላው ፍጥረት ዙሪያውን» አለችና ስኳሯን አማሰለች።

ቪየና ስም ስታወጣ የኖረች ከተማ ናት። በ1828 የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ አንዲት ቀጭኔ በስጦታ ላከ። ከተማው አበደ፤ ልብሱ የቀጭኔ፣ የጸጉር አሠራሩ የቀጭኔ፣ ኬኩ ሳይቀር በቀጭኔ ተሰየመ። ቀጭኔው ግን ዓመት እንኳ አልቆየም። በእኛ ጊዜ ተራው የፓንዳ ነው። ፉ ሎንግ በ2007 እዚሁ ተወለደ፤ በአውሮፓ ያለ ሰው ሠራሽ ርቢ የተጸነሰ የመጀመሪያው ፓንዳ ነበር። በውሉ መሠረት ግልገሎቹ ወደ ቻይና ይመለሳሉና እሱም ሄደ። ፓንዳው ቤት በር ላይ ሁለት ባልቴቶች የሚያወሩት ስለ ፉ ሎንግ ነበር። መስታወቱ ማዶ ያለውን ጀርባቸውን ሰጥተውት!

ዓርብ፣ ፕራግ

ከሜትሮው ወርደን በ112 አውቶቡስ ትሮያ ደረስን። የፕራግ ዙ ከቭልታቫ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ገደሉ ላይ ይወጣል፤ የታችኛውን ክፍል ከላይኛው የሚያገናኝ በገመድ የሚሄድ ወንበር አለ። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ከታች ያለው ግማሽ ግን ወንዙ አጠገብ ነው፤ እሱ ነው ጣጣው።

በነሐሴ 2002 ቭልታቫ ሞላ። የዙው የታችኛው ክፍል በውኃ ተዋጠ። ሠራተኞቹ በአንድ ቀንና ሌሊት ከሺህ በላይ እንስሳት አወጡ፤ ከመቶ በላይ ሞቱ። ፖንግ የሚባለው ወንድ ጎሪላ ሰጠመ። ካዲር የሚባለውን ዝሆን ማውጣት አልተቻለም፤ ኩምቢው ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቶ ሳለ እዚያው እንዲሞት ተደረገ። ይህን ሁሉ የነገረን የባሕር አንበሶቹ ገንዳ አጠገብ ያገኘነው የፕራግ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ ይመስላል፣ ጀርመንኛው ለእህቴ በቂ ነበር። ገንዳው አጠገብ ወዳለው ሐውልት ጠቆመን። «ጋስቶን ነው» አለ፣ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ።

ጋስቶን የባሕር አንበሳ ነበር። ጎርፉ ገንዳውን ሲያጥለቀልቀው ወጥቶ በወንዙ ነጎደ፤ ከቭልታቫ ወደ ኤልባ፣ ከኤልባ ድንበር ተሻግሮ ጀርመን ገባ። የቼክ ሕዝብ ከራሱ ጎርፍ ጋር እየታገለ በየቀኑ ዜናው ላይ «ጋስቶን ዛሬ የት ደረሰ?» ይል ነበር። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ ቪተንበርግ አካባቢ ተያዘ፤ ወደ ቤቱ ሲመልሱት መንገድ ላይ ሞተ። «ቤቴ ምድር ቤቱ በጭቃ ተሞልቶ ነበር» አለ ሰውዬው፣ «ያለቀስኩት ግን ለጋስቶን ነው። ስለ ቤቱማ ምን ይለቀሳል!»

እህቴ ሌሎቹ የሞቱት ምን ምን እንደነበሩ ጠየቀችው። አሰበ። ዝሆኑን፣ ጎሪላውን፣ አንድ ጉማሬ ጠራ። ወፎችም እንደነበሩ ያውቃል፤ ምን ዓይነት ወፎች እንደሆኑ ግን አያስታውስም። እዚህ ላይ የዙሪኩ ልጅ ትዝ አለኝ።

ላይኛው ሜዳ ላይ የፕርዤቫልስኪ ፈረሶች አሉ፤ ለእኔ ከፕራግ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አጭር፣ ጋማው የቆመ፣ አፈር የሚመስል የዱር ፈረስ። በሞንጎሊያ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የቀሩት በዙ ያሉት ብቻ ነበሩ። ፕራግ በ1932 አሊና ሚንካ የሚባሉ ጥንድ ፈረሶች አግኝታ ማርባት ጀመረች፤ ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው እያንዳንዱ የዚህ ዝርያ ፈረስ የሚመዘገብበትን የዘር መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። ዛሬ ያሉት ሁሉ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከደርዘን ትንሽ ከፍ ካሉ እንስሳት ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ ካልታወቀ ዘመድ ከዘመድ ይጋባና ዘሩ ይመክናል። ስለዚህ መዝገቡ ትውልድ እንደሚቆጥር ሽማግሌ ሰባት ቤት ሳይሆን ከዚያም በላይ ይቆጥራል። ከ2011 ጀምሮ ፈረሶቹ በቼክ ጦር አውሮፕላን ወደ ሞንጎሊያ እየተጫኑ ተመልሰዋል።

«ይሄንንስ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። «ይሄ እስር ቤት አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ «መጠለያ ነው። ግን ስንቱ ዙ ነው እንዲህ ያለው?» መልስ አልነበረኝም። እዚያ ሜዳ ዳር የቆምነው እኛ ብቻ ነበርን፤ ሕዝቡ ሁሉ ጎሪላዎቹ ጋ ነው።

ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ

ከፕራግ ወደ በርሊን የሚሄደው ባቡር ቭልታቫን፣ ቀጥሎ ኤልባን ተከትሎ ይወርዳል። ድንበሩ ላይ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ወንዙን ከሁለት ወገን ያጅቡታል። በመስኮት በኩል የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ጋስቶን የዋኘበትን መንገድ አየሁ። ድሬዝደን ላይ ባቡሩና ወንዙ ይለያያሉ።

እሑድ፣ በርሊን

በሁለት የድንጋይ ዝሆኖች በተያዘው በር ገባን። የበርሊን ዙ በ1844 ሲከፈት በጀርመን የመጀመሪያው ነበር። እሑድ ነውና ሰው ይርመሰመሳል፤ ጋሪ የሚገፉ ወላጆች፣ ወንበር ይዘው የሚዞሩ ሽማግሌዎች። በርሊኖች ዙአቸውን እንደ ቤተ ዘመድ ነው የሚያወሩት። አንዷ «እናቴ ክናውችኬን ዳቦ ታበላው ነበር» ስትል ከኋላችን ሰማን።

ክናውችኬ ጉማሬ ነው። ጦርነቱ ሲጀምር እዚህ ከ3,700 በላይ እንስሳት ነበሩ፤ በ1945 ተቆጥረው የተገኙት 91 ናቸው። ከእነሱ አንዱ ገና ለጋ የነበረው ክናውችኬ ነበር፤ ሲያም የሚባል ዝሆንም ተርፏል። ከተማው ፍርስራሽ፣ ሕዝቡ ረሃብተኛ ሆኖ ሳለ ሰው ከራሱ እየቀነሰ ለጉማሬው ያመጣለት ነበር ይባላል። ከፍርስራሹ ያነሣችው ካታሪና ሃይንሮት ናት፤ በጀርመን ዙ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት። ክናውችኬ ዛሬ ነሐስ ሆኖ ቆሟል፤ ልጆች ጀርባው ላይ ይወጣሉ።

ከዚያ ወደ ፋቱ። በ1959 የሁለት ዓመት ገደማ ግልገል ሆና መጣች፤ ስልሳ አምስት ዓመት አልፏት በዓለም ላይ ከሚታወቁ ጎሪላዎች ሁሉ አሮጊቷ ሆናለች። ልደቷ ሚያዝያ 13 ቀን ይከበራል፤ የተወለደችበትን ትክክለኛ ቀን የሚያውቅ ስለሌለ የተመረጠላት ቀን ነው። ጥርሷ አልቋል፤ የሚሰጧት ለስላሳ ምግብ ነው፤ ከሌሎቹ ጎሪላዎች ተለይታ በራሷ ክፍል ትኖራለች። መስታወቱ አጠገብ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። አንድ ሽማግሌ ለሚስቱ «እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እሷ እዚህ ነበረች» አላት። እህቴ ፋቱን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «ስድሳ ዓመት በላይ!» አለች፤ በአድናቆት ይሁን በቁጭት ሳይገባኝ ቀረ።

ክኑት የሞተበት ግቢ ጋ ስንደርስ ግን ክርክሩ ተነሣ። ክኑት የዋልታ ድብ ነው፤ ታኅሣሥ 5 ቀን 2006 ተወለደ፣ እናቱ አልቀበልም አለች፣ ቶማስ ዶርፍላይን የሚባለው ተንከባካቢው አጠገቡ እያደረ በጡጦ አሳደገው። በቀጣዩ መጋቢት ለሕዝብ ሲቀርብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋዜጠኞች ነበሩ። አሻንጉሊት ሆነ፣ ከረሜላ ሆነ፣ ቴምብር ሆነ። የድቡ አባት ንብረቱ ለሆነው ለሌላ ዙ ከገቢው ምን ያህል ይድረሰው በሚል ሙግት ተካሄደበት። ዶርፍላይን በ2008 ሞተ። ክኑት ደግሞ መጋቢት 19 ቀን 2011 በመቶዎች ተመልካች ፊት ተንዘፍዝፎ ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ምክንያቱን አገኙት፤ የሰውነት መከላከያው የራሱን አንጎል የሚያጠቃበት፣ እስከዚያ ድረስ በሰው ላይ ብቻ ይታወቅ የነበረ የአንጎል ብግነት ነው። ዛሬ ቆዳው በከተማው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

«ስም የሰጡት ሊያፈቅሩት አይደለም» አለች እህቴ፣ «ሊሸጡት ነው።» ይሄን አልቀበልም። ዶርፍላይን ሌሊት ሲነሣለት የነበረው ለገበያ አልነበረም። በሌላ በኩል ግን እህቴን ሙሉ በሙሉ ለመርታት የሚያስችል ነገር አላገኘሁም፤ በርሊን ውስጥ ስንት ድብ አለ፣ ማን ያወራለታል? ስሙ ፍቅርንም ንግድንም በአንድ በር ያስገባል።

ስም ያጡም እዚህ ነበሩ። ይህ ዙ በአክሲዮን የቆመ ነው፤ ከባለ አክሲዮኖቹ ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። በናዚ ዘመን አክሲዮናቸውን በርካሽ እንዲለቁ ተገደዱ፣ ኋላም በሩን እንዳይረግጡ ተከለከሉ። መታሰቢያ የተጻፈላቸው በ2011 ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚያነብ ሰው አላየሁም።

ሰኞ፣ ምሥራቅ በርሊን

ከተማዋ ስትከፈል ዙው ምዕራብ ቀረ፤ ምሥራቁም በ1955 ፍሪድሪሽስፌልደ የራሱን ቲርፓርክ ከፈተ። 160 ሄክታር ነው፤ እግር ያደክማል። ከዛፍ ዛፍ፣ ከሜዳ ሜዳ። ሰው ትንሽ፣ ርቀቱ ብዙ። ሃይንሪሽ ዳተ ከመክፈቻው ጀምሮ ሥርዓቱ እስኪፈርስ መራው፤ በሬዲዮ ስለ እንስሳት ሲያወራ የምሥራቁ ሰው ያደምጠው ነበር። ወንበር ላይ አጠገባችን የተቀመጡ እናት «የኔ ዙ ይሄ ነው፤ ያኛውን ግንቡ እስኪፈርስ አላየሁትም» አሉን። ያኛው ይበልጣል ወይ ብላ እህቴ ስትጠይቃቸው ተቆጡ።

ረቡዕ፣ ሃምቡርግ

ዛሬ በየአገሩ የምናየው ፍርግርግ የሌለው ግቢ የተወለደው እዚህ፣ ሽቴሊንገን ነው። ካርል ሃገንቤክ የእንስሳት ነጋዴ ነበር። አንበሳና ነብር ምን ያህል እንደሚዘሉ ሞከረ፤ ሊሻገሩት የማይችሉትን ጥልቅ ቦይ ቆፈረ፤ ከፊት ወፍ፣ ከኋላቸው ሣር በል፣ ከኋላ አንበሳ ደርድሮ ተመልካቹ ሁሉንም በአንድ ሜዳ ያሉ መስሎት እንዲያይ አደረገ። ሐሳቡን በ1896 በፓተንት አስመዘገበ፣ መካነ እንስሳቱን በ1907 ከፈተ። ቦዩ ዛሬም ይሠራል፤ አንበሳው ፊት ለፊት ስትቆም ልብህ አንዴ ይደነግጣል።

ነገር ግን እንስሳቱ ከየት መጡ? ከእኛው ደጃፍ። በ1860ዎቹና 70ዎቹ የሃገንቤክ ዋነኛ ምንጭ ከሰላ ነበረች። ከሰላ አካባቢና በሰቲት፣ ማለትም በተከዜ የታችኛው ፈሳሽ ዙሪያ የሚኖሩት ሐምራን የሚባሉት ዐረቦች በፈረስ ላይ ሆነው በጎራዴ ዝሆን በማደን የታወቁ ነበሩ። ግልገል ለመያዝ እናቲቱ ትገደላለች። ቀጭኔው፣ ዝሆኑ፣ የአውራሪስ ጥጃው በረሃውን አቋርጦ ወደ ሱዋኪን ይነዳል፤ ጡት ያልጣለውን ለማጥባት ከካራቫኑ ጋር የፍየል መንጋ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በመርከብ ወደ ስዌዝ፣ ከስዌዝ ወደ አውሮፓ። በመንገድ ላይ ስንት እንደሞተ የጻፈለት መዝገብ የለም። የፕራጉን የዘር መዝገብ አስቡት።

ሃገንቤክ በእንስሳ አልቆመም። ከ1874 ጀምሮ ሰውም አመጣ፤ መጀመሪያ ከሰሜን አውሮፓ ሳሚዎችን፣ ቀጥሎ ከዚያው ከሱዳን ምሥራቅ «ኑቢያውያን» ብሎ የጠራቸውን። ከግመላቸውና ከጎራዴያቸው ጋር በየከተማው ታዩ፤ የበርሊን ዙም አሳይቷቸዋል። በ1880 ከላብራዶር የመጡት ስምንት ኢኑዊቶች ፈንጣጣ አልተከተቡም ነበርና አንድም ሳይተርፍ አለቁ፤ ሦስቱ ልጆች ነበሩ። ከመሐላቸው አብርሃም ኡልሪካብ የቀን ማስታወሻ ይጽፍ ስለነበር ዛሬ ስሙን እናውቃለን።

አሮጌው የመግቢያ በር በነሐስ እንስሳት ያጌጠ ነው፤ የዝሆን ራስ፣ አንበሳ፣ ድብ። ከእነሱ ጋር ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ የአሜሪካ ቀደምት ሰው፣ አንዱ ኑቢያዊ ጦረኛ። እህቴ ከሥሩ ቆማ ሽቅብ አየችው። «አጎታችንን አይመስልም?» አለችኝ። ይመስላል። ስም ፈለግን፤ የለውም።

ውስጥ ዝሆኖቹ ቦዩን ተሻግረው ኩምቢያቸውን ይዘረጋሉ፤ ሰው ካሮት ያቀብላቸዋል። ዋልረሶቹ (ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ያሏቸው ግዙፍ የባሕር እንስሳት) ገንዳ ጋ አንዲት የከተማው ሴት ስለ አንትየ አጫወተችን። አንትየ እዚህ ትኖር የነበረች ዋልረስ ናት፤ የሰሜን ጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያ ምልክት ስለነበረች ሃምቡርግ ውስጥ የማያውቃት ልጅ አልነበረም። በ2003 ስትሞት ሴትየዋ አበባ ይዛ መጥታ እንደነበር ነገረችን። አሁንም ድምጿ ሲሰባበር ይሰማል።

እህቴ ቆይታ «በሩ ላይ ያለው ሰውዬስ ማን ነው?» አለቻት።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ጦር የያዘው።»

ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ በር እንደምትገባ፣ ዝሆኖቹን እንደምታስታውስ ነገረችን። ሰው እንዳለበት ግን ልብ ብላ አታውቅም። እኛ ከመሄዳችን በፊት ቦርሳዋን አንሥታ ልታየው ወደ በሩ ሄደች።